ከወለጋ የመጣው አረንጓዴ ድንጋይ፦ ፕላቲነምና ወርቅ በጥንት የውቅያኖስ አለት ውስጥ እንዴት ይጠራቀማሉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ፒያሳ ወርቅ ቤት ከአባቴ ጋር ነው የምሠራው። ሰሞኑን አንድ ሰው ከምዕራብ ወለጋ፣ ከዩብዶ አካባቢ ነው ብሎ ጥቁር አረንጓዴ ድንጋይ ይዞ መጣ። ሲነካ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ማግኔት ይስበዋል፤ ውስጡ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። «ይህ የጥንት ባሕር ወለል ነው፤ የባሕር ወለል ድንጋይ ደግሞ ፕላቲነምና ወርቅ ይይዛል» አለን። የባሕር ወለል ወለጋ ምን ሊሠራ መጣ? እውነት ከሆነስ ውድ ማዕድኑ እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው እንዴት ነው? አባቴ ኩንታሉን በሙሉ ልግዛው እያለ ነው፤ ምን ይመክሩናል?

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። አባትህ ለጊዜው ገንዘባቸውን ይያዙት። ሰውየው ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ ግማሹን ልክ ነው። የነገርከኝ ድንጋይ ሰርፔንቲናይት ሳይሆን አይቀርም። ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ከማንትል የወጣ፣ ወይም እሱን የመሰለ አለት ውኃ ሲገባበት የሚፈጠር ነው። ማግኔት የሚስበው በዚሁ ለውጥ ጊዜ ከአለቱ ብረት ከፊሉ ማግኔታይት ወደሚባለው ማዕድን ስለሚቀየር ነው እንጂ ስለ ፕላቲነም የሚነግርህ ነገር የለም። ጥቁሩ ነጠብጣብ ማግኔታይት ወይም ክሮማይት የሚባለው የክሮሚየም ማዕድን ይሆናል። ክሮማይት ከሆነ ትንሽ ያጓጓል፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ሰውየው የተሳሳተው «የባሕር ወለል ስለሆነ ይይዛል» ያለው ላይ ነው። ተራ የውቅያኖስ ወለል በውድ ማዕድን ከድሆቹ አለቶች ይመደባል። ጥቂት ቦታ ላይ ይበለጽጋል፤ ይህ የሚሆነውም በአብዛኛው ውቅያኖሱ መጥበብና መዘጋት ከጀመረ በኋላ ነው። ሰፊና ሰላማዊ ሆኖ በኖረበት ዘመን እምብዛም የሚያከማቸው ነገር የለም።

ከእናንተ ሙያ ልጀምር። 5 ግራም የምትመዝን የጋብቻ ቀለበት አስብ። የምድር ቅርፊት በአማካይ በአንድ ቶን አለት ውስጥ 1.3 ሚሊ ግራም ገደማ ወርቅ ነው ያለው። ቀለበቷን ከተራ ድንጋይ ላውጣት ብትል፣ አንዲት ቅንጣት ሳታባክን፣ 3,800 ቶን ያህል መፍጨት ይኖርብሃል። 20 ቶን በሚጭን ገልባጭ መኪና 190 ምልልስ ነው፤ ፒያሳ ውስጥ የሚራገፍበት ቦታም አይገኝም። ኩባንያ ያዋጣኛል ብሎ የሚቆፍረው አለት ግን አብዛኛውን ጊዜ በቶን 1 ግራም ገደማ ወይም ጥቂት ግራሞች የያዘውን ነው። እንግዲህ ጥያቄህ ተፈጥሮ ይህን ብረት ሺህ እጥፍ ያህል የምታጠራቅምበት መንገድ ምንድን ነው የሚል ነው።

የእጥረቱ መነሻ ሩቅ ነው። ምድር በልጅነቷ፣ ገና ቅልጥ ሳለች፣ ብረቱ ወደ መሃሏ ሰመጠ። ወርቅና የፕላቲነም ቤተሰብ (ፕላቲነም፣ ፓላዲየም፣ ሮዲየም፣ ሩቴኒየም፣ ኢሪዲየምና ኦስሚየም) ከአለት ይልቅ ብረት ይመርጣሉ፤ አብረውት ወረዱ። ዛሬ ከምድር ወርቅና ፕላቲነም እጅግ የሚበዛው ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎ ሜትር ላይ በሚጀምረው እምብርት ውስጥ ነው፤ ማንም አይደርስበትም። ማንትሉ ውስጥ በቶን 7 ሚሊ ግራም ያህል ፕላቲነምና 1 ሚሊ ግራም ያህል ወርቅ ቀርቷል። የሚገርመው ይህችም ብትሆን ከሚጠበቀው ትበዛለች። ብዙዎቻችን የምንቀበለው ማብራሪያ፣ እምብርቱ ተለይቶ ካበቃ በኋላ ከሕዋ የወደቁ አለቶች፣ ተደምረው ከምድር ክብደት ግማሽ በመቶ ገደማ የሚሆኑ፣ አዲስ ወርቅና ፕላቲነም አመጡ የሚለው ነው። አንተ የምታነጥረው ወርቅ በአብዛኛው የዚያ ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ወለጋ። ከ800 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዛሬ ምዕራብና ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ምሥራቅ ሱዳን፣ የግብፅ ምሥራቃዊ በረሃና ምዕራብ ሳውዲ ዓረቢያ ያሉበት ሥፍራ ላይ የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የምንለው ባሕር ተዘርግቶ ነበር። ሮዲኒያ የተባለው ታላቅ አህጉር ሲሰነጠቅ ተከፈተ። ከዚያ ወለሉ ከራሱ በታች እየገባ፣ በላዩ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች እየበቀሉ ጠበበ፤ ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥም ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። አብዛኛው ወለል ወደ ማንትል ተመልሶ ሰጠመ። ጥቂቱ እየተቆራረጠ በሚጋጩት መሬቶች መካከል ተሰንቅሮ ቀረ። ኦፊዮላይት የምንለው ይህን ቅሪት ነው።

ሳይጎዳ የተረፈ ኦፊዮላይት ከላይ ወደ ታች ሲታይ መጀመሪያ የባሕር ደለል፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ፈስሶ የተድቦለቦለ ባዛልት፣ ከሥሩ ጎን ለጎን የቆሙ የማግማ (የቅልጥ አለት) ግድግዳዎች፣ ከዚያ ማግማ በጥልቀት ቀስ ብሎ ሲረጋ የሚሆነው ጋብሮ፣ በመጨረሻም ራሱ ማንትል ይመጣል። የቅርፊቱ ክፍል 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው። ኦማንና ቆጵሮስ ላይ ይህን ቅደም ተከተል በእግር እየሄድክ ማየት ትችላለህ። የእኛው ግን አርጅቷል፤ ተጨምድዷል፣ ተቃጥሏል፣ ተበጣጥሷል። ወለጋና አዶላ ላይ የምታገኘው ቁርጥራጩን ነው። እነዚያ የቆሙ ግድግዳዎች እንዴት እንደሚሠሩ ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ ሩቅ መሄድ የለበትም፦ እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ተከፍቶ በማግማ ተሞላ፤ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር ደርሷል። አንድ አገር ውስጥ የሞተ ውቅያኖስና ገና የሚወለድ ውቅያኖስ ሁለቱንም ማግኘት ብርቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህን አለት አትፈልገው። ከእንጦጦ እስከ ቸርችል ጎዳና የምትረግጠው ሁሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዕድሜውም ከወለጋው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የነገሩ ቁልፍ ድኝ ነው። ማንትል ውስጥ ያለው ፕላቲነምና ወርቅ በዋናነት የተደበቀው ብረት፣ ኒኬልና መዳብ ከድኝ ጋር ተዋህደው በሠሩት ጥቃቅን የሰልፋይድ ቅንጣቶች ውስጥ ነው። አለቱ ሲቀልጥ ሰልፋይዱም ይቀልጣል፤ ግን ከማግማው ጋር አይዋሃድም፤ ለብቻው ጠብታ ይሆናል። የፕላቲነም ቤተሰብ በዚህ ጠብታና በማግማው መካከል ምረጥ ሲባል አያመነታም፦ ጠብታው ውስጥ ያለው መጠን ማግማው ውስጥ ካለው ከአስር ሺህ እስከ መቶ ሺዎች እጥፍ ይሆናል። ወተት ሲናጥ ቅቤው እንደሚሰበሰበው በለው፤ ትንሿ ቅቤ ብዙ ወተት ውስጥ በተዟዟረች ቁጥር ትሰበስባለች። እ.ኤ.አ. በ1979 ካምፕቤልና ናልድሬት የተባሉ ጂኦሎጂስቶች ይህንኑ በስሌት አስቀመጡት፦ የሰልፋይዱ ሀብት የሚወሰነው ከስንት እጥፍ ማግማ ጋር እንደተነካካ ነው። የደቡብ አፍሪካው ቡሽቬልድ የዓለምን ፕላቲነም 70 በመቶ ገደማ የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ እሱ ግን አህጉር ውስጥ የተፈጠረ ግዙፍ የማግማ ማጠራቀሚያ ነበር እንጂ የባሕር ወለል አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል።

ውቅያኖስ መሃል ላይ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። ማንትል በቶን 200 ግራም ገደማ ድኝ አለው። ከእሱ የሚወጣ ማግማ ግን በቶን 1,000 ግራም ያህል ድኝ አሟሙቶ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሰልፋይዱ ሙሉ በሙሉ እንዲያልቅ ከአለቱ አንድ አምስተኛው መቅለጥ አለበት። ውቅያኖስ መሃል ባለው ስንጥቅ ሥር በአማካይ የሚቀልጠው ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ሰልፋይዱ ኋላ ይቀራል፤ ፕላቲነሙን አቅፎ እዚያው ማንትል ውስጥ ይቀመጣል። ማግማው ባዶ እጁን ይወጣል። የውቅያኖስ መሃል ባዛልት በቶን ከ1 ሚሊ ግራም ያነሰ ፕላቲነም የሚኖረው ለዚህ ነው። ሰውየው «የባሕር ወለል» ሲል ያሰበው ይህን ከሆነ፣ የሸጠላችሁ ባዶ ነው።

ውቅያኖሱ መዘጋት ሲጀምር ግን ሌላ ነገር ይመጣል። አንዱ የምድር ሰሌዳ ከሌላው ሥር ሲገባ ተሸክሞት የወረደውን ውኃ ከላዩ ላለው ማንትል ይለቃል። ውኃ የመቅለጫውን ሙቀት ያወርዳል። ያ ማንትል ቀድሞ አንድ ጊዜ የቀለጠ ነው፤ አሁን ሁለተኛ ይቀልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ያቺን አንድ አምስተኛ ያልፋሉ። የመጨረሻው ሰልፋይድ ይሟሟል፤ የሚያቅፈው ያጣው ፕላቲነምና ቤተሰቡም ማግማው ውስጥ ይገባል። ቦኒናይት የሚባለው እንዲህ ያለው ማግማ ከመሃል ውቅያኖስ ባዛልት ጋር ሲወዳደር ከአስር እጥፍ በላይ ፕላቲነም ሊይዝ ይችላል። በአረብ-ኑቢያ ጋሻ፣ ማለትም ከላይ በዘረዘርኳቸው አገሮች፣ ያሉት ኦፊዮላይቶች አብዛኞቹ እንዲህ ካለ ቦታ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ተስፋ አለ። ግን ማግማው ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ቦታ ላይ መውደቅ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ክሮማይት የሚመጣው። ውኃ የጠገበው ማግማ ማንትሉን እየሰነጠቀ ሲወጣ ከማንትሉ ሁለት ዋና ማዕድናት ፓይሮክሲን የሚባለውን ይበላል፤ ኦሊቪን የሚባለውን ብቻ ጥሎ ያልፋል። ያለፈበት መንገድ ዱናይት የሚባል፣ ንጹሕ ኦሊቪን የሆነ አለት ይሆናል። ፓይሮክሲኑን በመብላቱ የራሱ ቅንብር ይለወጣል፤ ከኋላ ከሚመጣ አዲስ ማግማ ጋርም ይቀላቀላል። በዚህ ጊዜ ሌላው ሁሉ ቀልጦ ሳለ ክሮማይት ብቻውን መርጋት ይጀምራል። በዱናይቱ ውስጥ ከጥቂት ሜትር እስከ መቶዎች ሜትር የሚደርስ ጥቁር፣ ከባድ ክምችት ይሠራል። ክሮማይት ሲያድግ በዙሪያው ካለው ማግማ ክሮሚየምና ኦክሲጅን የበዛበትን ብረት ይስባል፤ በቆዳው አጠገብ ያለችው ቀጭን የማግማ ንብርብር ኦክሲጅን ያጥራታል። ኦስሚየም፣ ኢሪዲየምና ሩቴኒየም በእንዲህ ያለ ማግማ ውስጥ መቆየት አይችሉም። ወዲያው በጥቃቅን ቅይጥ ወይም ሎራይት በሚባለው የሩቴኒየም ሰልፋይድ መልክ ይረጋሉ፤ ክሮማይቱም እያደገ ይውጣቸዋል። መጠናቸው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ አይበልጥም። ስለዚህ ድንጋዩን በአጉሊ መነጽር ብታየው፣ በአሲድ ብታጥበው፣ የሚታይህ ነገር የለም።

ልብ በልልኝ፦ የወደቁት ኦስሚየም፣ ኢሪዲየምና ሩቴኒየም ናቸው። ጌጥ ሠሪ የሚፈልጋቸው ፕላቲነምና ፓላዲየም አብዛኞቹ ማግማው ውስጥ እንዳሉ ወደ ላይ አምልጠዋል። የተለመደው የኦፊዮላይት ክሮማይት የስድስቱ ድምር በቶን ከጥቂት መቶ ሚሊ ግራም አይዘልም፤ የሚቆፈረውም ለክሮሚየሙ ነው። ልዩ ሁኔታዎች አሉ። በስኮትላንድ ሰሜን፣ ሼትላንድ ደሴቶች ላይ፣ ክሊፍ የተባለች ትንሽ ቦታ በቶን በአስር የሚቆጠሩ ግራሞች ፕላቲነምና ፓላዲየም የያዘ ክሮማይት ተገኝቶባታል። እዚያ ክሮማይቱ ላይ ሰልፋይድም ደርሶበታል። ከባሕር ማዶ ያለችው የሳውዲው አል-ዓይስም፣ የአንድ ጋሻ ልጅ ናትና ለእኛ የምትቀርበን፣ ከወትሮው የበለጸገ ክሮማይት አላት። ሁለቱም ግን የፕላቲነም ማውጫ አልሆኑም፤ ክምችቱ ትንሽና የተቆራረጠ ነው።

ወርቅ ሥራ ላይ ይህን ታሪክ ሳታውቀው አግኝተኸው ይሆናል። ከደለል የመጣ ወርቅ ስታቀልጡ ከሥር የሚቀር፣ የማይቀልጥ፣ ሞረድ የሚያበላሽ ነጭ ጠንካራ ቅንጣት አንዳንድ ጊዜ ያጋጥማል። የኦስሚየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ነው። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ኢሪዲየም 2,446 ይፈልጋል፤ ኦስሚየም ከ3,000 በላይ። በጋዝ እሳት አይበገርም። ያ ወርቅ የታጠበበት ወንዝ የላይኛው ተፋሰሱ ላይ እንዲህ ያለ የማንትል አለት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ለአሳሽ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ አንጥረኛ ደግሞ ይራገመዋል።

ወደ ዩብዶ እንምጣ፤ ምክንያቱም ሰውየው ስሙን የጠራው በከንቱ አይደለም። ቢርቢር ወንዝ ዳር ያለው ይህ ቦታ የኢትዮጵያ ፕላቲነም አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ታጥቦበታል። የሩሲያውን የኡራል ተራሮች ፕላቲነም በማጥናት ስሙ የታወቀው የስዊዘርላንዱ ሉዊ ዱፓርክም ጽፎበታል፤ የዱናይቱ አናት በዝናብና በሙቀት በስብሶ በሲሊካ የተተካበትን ቡኒ አለት ቢርቢራይት ያለውም እሱ ነው። ግን ዩብዶ የባሕር ወለል ነው? ጂኦሎጂስቶች ሲከራከሩበት ኖረዋል። አንዱ ወገን ኦፊዮላይት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የኡራል-አላስካ ዓይነት ነው ይላል፤ ማለትም ውቅያኖሱ እየተዘጋ ሳለ ከደሴት እሳተ ገሞራ ሥር የነበረ የማግማ ቧንቧ እዚያው ረግቶ የቀረ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ዱናይቱ መሃል ላይ ነው፤ ፓይሮክሲናይት ዙሪያውን ከቦታል። ኦፊዮላይት እንዲህ አይደረደርም። የሚወጣውም ፕላቲነም ከብረት ጋር የተቀየጠ ነው፤ ይህ ደግሞ የኡራልና የኮሎምቢያው ቾኮ ደለል መለያ ነው። ከኡራሉ ደለል የወጣው ፕላቲነም ብዛቱ ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1845 የፕላቲነም ሳንቲም እስክታትም ድረስ አድርሷታል።

ለምን እዚያ ፕላቲነም ከኢሪዲየም በለጠ? ይህ ማግማ ኦክሲጅን የበዛበት ነው። በእንዲህ ያለ ማግማ ውስጥ ድኝ ሰልፋይድ መሥራቱን ትቶ ሰልፌት ሆኖ ይሟሟል። ሰልፋይድ ከሌለ ፕላቲነሙን ጠራርጎ የሚወስድ የለም፤ ስለዚህ ከክሮማይቱና ከኦሊቪኑ ጋር፣ ከብረት ተቀይጦ፣ ራሱን ችሎ ይረጋል። ያም ሆኖ ጥሬው ዱናይት ደሃ ነው። ዩብዶ ላይ ሰው የሚያጥበው ቀዩን አፈር ነው፤ ድንጋዩን የሚፈጭ የለም። የምዕራብ ወለጋ ዝናብ ኦሊቪኑን አሟሙቶ ማግኒዚየሙን ጠርጎ ሲወስድ፣ የማይዝገውና የማይሟሟው ፕላቲነም እዚያው ይቀራል፤ አለቱ እየከሳ ሲሄድ የእሱ ድርሻ ይጨምራል። ከዚያ ወንዙ አፈሩን ያበጥረዋል። በገበቴ የሚታጠበው የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። እንግዲህ ሰውየው ያመጣው አረንጓዴ፣ ያልበሰበሰ ድንጋይ ከሆነ፣ ከቦታው ሁሉ ድሃውን ክፍል መርጦ ነው ያመጣላችሁ።

ወርቅ ሌላ መንገድ አለው፤ የእሱ ማጓጓዣ ሙቅ ውኃ ነው። ባሕር ወለል ላይ ውኃ ወደ ስንጥቅ ይገባል፣ ማግማው አጠገብ ይሞቃል፣ ከባዛልቱ መዳብ፣ ዚንክ፣ ብርና ወርቅ አሟሙቶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሜክሲኮ ፊት ለፊት፣ ፓስፊክ ወለል ላይ፣ 350 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ጥቁር ጢስ የሚመስል ውኃ የሚተፉ ጭስ ማውጫዎች ተገኙ። ውኃው ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካ የተሸከመውን ይጥላል። ጎረቤታችን ቀይ ባሕርም ይህን ይሠራል፦ አትላንቲስ ሁለት በሚባለው ከ2,000 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ጨዋማ ውኃ ተኝቷል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ጨውና ውኃው ሲወጣለት በቶን 39 ግራም ያህል ብርና ግማሽ ግራም ያህል ወርቅ አለው። ኤርትራ ውስጥ ያለው የቢሻ ማዕድን የዚህ ዓይነቱ ክምችት የጥንት ወንድም ነው። መጀመሪያ አናቱ ላይ የበሰበሰውን ክፍል ለወርቅ ቆፈሩት፣ ከሥሩ መዳብ፣ ከዚያ በታች ዚንክ አገኙ።

የእኛን ትልልቅ ወርቅ የሠራው ግን ከዚያ በኋላ፣ ግጭቱ ጊዜ፣ የመጣው ውኃ ይመስለኛል። መሬቶች ሲጋጩ በጥልቀት የተቀበረው አለት እየሞቀ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ይህ ውኃ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ይሞቃል፤ ወርቁን ከድኝ ጋር አጣምሮ ይሸከማል፤ የሚወጣውም በትልልቅ ስብራቶች በኩል ነው። እነዚያ ስብራቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ኦፊዮላይቱ የተሰነቀረባቸው ናቸው፤ ሰርፔንቲናይት ለስላሳ ስለሆነ ምድር ስትንሸራተት እሱን ትመርጣለች። ውኃው ብረት የበዛበት አለት ሲያገኝ ብረቱ ድኙን ቀምቶ ፓይራይት ይሆናል። ወርቁ ተሸካሚውን ሲያጣ ይወድቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በበኩሉ ሰርፔንቲናይቱን ወደ ታልክ፣ ካርቦኔትና ኳርትዝ ይቀይረዋል። የመጨረሻው ውጤት ሊስትቬናይት የሚባል፣ ላዩ ዝገት የመሰለ ቡኒ፣ ሲሰበር ብሩህ አረንጓዴ ሚካ የሚታይበት አለት ነው። በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ የባራሚያ ወርቅ በዚህ አለት ውስጥ ነው። የካሊፎርኒያ ትልቁ የወርቅ ቀበቶም የሚሄደው ሰርፔንቲናይት በተሰለፈበት ስብራት አጠገብ ነው። ሻኪሶ አጠገብ ያለው ለገ ደምቢም የኳርትዝ ጅማቶቹ የገቡት የጥንቱ ውቅያኖስ ቅሪት በተሰነቀረበት በመጋዶ ቀበቶ፣ በስብራት መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ወርቅ ለሚፈልግ ሰው ሰርፔንቲናይቱ ራሱ ግብ ሊሆን አይገባም፤ ዳሩን ይይ፣ ቡኒ የሆነውን፣ ኳርትዝ የገባበትን።

አሁን ስለ ኩንታሉ። ተራ ማንትል ከሆነ 100 ኪሎው ውስጥ ያለው ፕላቲነም 1 ሚሊ ግራም አይሞላም። በተአምር የደቡብ አፍሪካ ጥራት ኖሮት በቶን 5 ግራም ቢይዝ እንኳ ከኩንታሉ የምታገኘው ግማሽ ግራም ነው፤ ያውም ማንም ፒያሳ ላይ ሊያወጣው በማይችል ሂደት። ፕላቲነም በ1,768 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ በአሲድ ለማውጣትም የምትሞክረው ነገር አይደለም። ድንጋይን በኩንታል የሚገዛ ወርቅ ቤት የለም፤ የከበረ ማዕድን መገበያየት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑም ሌላ ነገር ነው።

ለማወቅ ያህል ከሆነ ግን ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። ጥቁሩን ነጠብጣብ ባልተቀባ ሸክላ ላይ ፈትገው፤ መስመሩ ጥቁር ከሆነ ማግኔታይት፣ ቡኒ ከሆነ ክሮማይት ነው። ቀጥሎ ክብደቱ። ሰርፔንቲናይት ከውኃ 2.6 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ክሮማይት ከ4 ጊዜ ተኩል በላይ። ቁራጩ ለመጠኑ ከጠበቅኸው በላይ እጅህን ከጎተተው ክሮማይት በዝቶበታል። በደረቁ ግን አትፍጨው፣ ሱቁ ውስጥ አትስበረው፤ ሰርፔንቲናይት የአስቤስቶስ ክር ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ለሳንባ ክፉ ነው። አለቱ ምን እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ለማየት ከፒያሳ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረህ 4 ኪሎ ሳይንስ ግቢ የመሬት ሳይንስ ክፍል ጠይቅ፤ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ይበቃል።

ላብራቶሪ ከላክኸው ስለ ዘዴው መጠየቅ አትርሳ። በእርሳስ የሚሠራው የእሳት ምርመራ ወርቅ፣ ፕላቲነምና ፓላዲየም ያሳያል፤ ስድስቱንም ለማየት በኒኬል ሰልፋይድ የሚሠራው ያስፈልጋል። እዚያ ባለሙያው የተፈጨውን ድንጋይ ከኒኬልና ከድኝ ጋር አቅልጦ ብረቶቹን በሰልፋይድ ጠብታ ይሰበስባል፤ ማለትም ማግማ የሚሠራውን በማቅለጫ ውስጥ ይደግመዋል። ቁጥሩ ሲመጣ ድምሩን ብቻ አትይ። ኢሪዲየም፣ ኦስሚየምና ሩቴኒየም ከፕላቲነሙ በእጅጉ ከበለጡ፣ ድንጋዩ ከኦፊዮላይት ክሮማይት የመጣ ነው፤ ለጂኦሎጂስት ደስ ይላል፣ ለነጋዴ አያዋጣም። ፕላቲነሙ ብቻውን ከፍ ብሎ፣ በቶን መቶዎች ሚሊ ግራም ከደረሰ፣ ዩብዶ የሚለው ስም እውነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ያኔ ሰውየውን ስለ ድንጋዩ ትተህ ከላዩ ስላለው ቀይ አፈር ጠይቀው። ሁሉም በቶን ከ10 ሚሊ ግራም በታች ከሆኑ ተራ ማንትል ነው፤ ሲለሰልስ ደስ የሚል፣ አረንጓዴ፣ ለበር ማቆሚያ የሚሆን ድንጋይ አግኝታችኋል።